ሃምሳ አንድ አውራ ጣት

ማዮሰንጌ ቺሌሼ ዓርብ ጠዋት የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ሻሻቸውን አስረው ከጓዳ ወጡና ሻያቸውን ሳይቀምሱ፣ «ያ የስልክሽ ነገር፣ ሰው ሊያገኘው ሲፈልግ ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?» ብለው ጠየቁ። ንጎሳ የልጇን የትምህርት ቤት ሸሚዝ እየቆለፈች ነበርና ጣቷ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆመ። ማዮሰንጌ ማለት የአባት እህት ማለት ነው፤ እኚህኛዋ ደግሞ ንጎሳን ከአራት ዓመቷ ጀምረው ያሳደጉ፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ስለ ስልክ አንድም ቀን ጠይቀው የማያውቁ ሴት ናቸው። ስልክ ለእሳቸው ሲጮህ የሚያነሡት፣ ካነሡት በኋላ ደግሞ በተራቸው የሚጮኹበት ዕቃ ነው። አሁን ግን ቆመው መልስ ይጠብቃሉ። «በትልልቁ ጻፊልኝ» አሉ፤ «ዓይኔን ታውቂው የለ።»

ንጎሳ ለጸሎት መሰላት። አክስቷ የታመመ፣ መንገድ የሄደ፣ ፈተና የሚቀመጥ ሰው ስም በብጣሽ ወረቀት እያስጻፉ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ፣ መዝሙረ ዳዊት ላይ የመሸጎጥ ልማድ አላቸው፤ መጽሐፉ ከብጣሹ ብዛት የተነሣ በደንብ መከደን ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ከልጇ ከኩንዳ ደብተር አንድ ገጽ ቀደደችና «ቺላንጋ ሙሊሎ አብሳይ ሉሳካ» ብላ ጻፈች። «ይህን ሲጽፉ ከሁሉ በላይ 'የንጎሳ ማዕድ ቤት' የሚል ይመጣል። የእኔ እሱ ነው» ብላ አስረዳች። አክስቷ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ሳይሆን ጡታቸው ሥር ከተቱት። ንጎሳ ይህን አይታለች፤ ልብ ግን አላለችውም። አክስትና የሰባት ዓመት ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው በማቴሮ ሰፈር አቧራማ መንገድ ላይ፣ አንዷ ወደ ሴቶች ጸሎት፣ አንዷ ወደ ሁለተኛ ክፍል ሲሄዱ በሩ ላይ ቆማ ተመለከተቻቸው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ከባለቤቶቹ ግቢ በስተኋላ፣ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ። በውስጠኛው ክፍል፣ ሦስቱም በሚተኙበት አልጋ ሥር፣ አንድ ቡናማ ሻንጣ ተቀምጧል። ከተቀመጠ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ማንም ስለ እሱ አያነሣም። አክስቷ ሲጠርጉ ሻንጣውን በሁለት እጃቸው ያወጡታል፣ ሥሩን ይጠርጋሉ፣ መልሰው ይገፉታል፤ እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብለው ነው የሚገፉት። ሻንጣው ወደ ሶልዌዚ ከተማ ለመሄድ የተዘጋጀ ነው። እዚያ ማዕድን ማውጫው ካምፕ ውስጥ ወጥ ቤት ሥራ አለ፤ ውሉ የአሥራ አንድ ወር፣ መኝታው ከሌሎች ስድስት ሴቶች ጋር፣ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል። አውቶቡሱ እሑድ ይነሣል። ኩንዳ ለጊዜው የምታውቀው እናቷ ሻንጣ እንዳላት ብቻ ነው።

ንጎሳ ግን መሄድ አልፈለገችም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትሠራበት የነበረው የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤቱን ዘግቶ ካሰናበታት ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሠርጉ የምግብ ሥርዓት፣ ለቺላንጋ ሙሊሎ ማብሰል። የሙሽራዋ ወገን ድስቱን ሁሉ ተሸክሞ፣ እየዘፈነና በጉልበቱ እየተንበረከከ ወደ ሙሽራው ቤት ገብቶ «ከእኛ ልጅ ቤት የምትበላው ይህን ነው» ብሎ ክዳን የሚከፍትበት ቀን ከሌለ ሠርግ ምን ሠርግ ነው? ድሮ አክስቶች ሦስት ቀን ሙሉ ያበስሉት ነበር። የዛሬ አክስቶች ቢሮ ናቸው፤ ጥፍራቸውን ተቀብተዋል፤ ቅጠሉን በተወቀጠ ለውዝ መሥራት፣ ለምግብ የሚደርቀውን አባ ጨጓሬ ማጠብ፣ የገጠር ዶሮውን ሳይፈርስ ማብሰል የሚችል ሰው በገንዘብ ይፈልጋሉ። ንጎሳ ይህን ታውቃለች። እነሱ ናቸው ንጎሳን የማያውቋት።

ማስታወቂያው የመጣው በዚህ ነው። ሰው በስልኩ ላይ የሚፈልገውን ሲጽፍ የአንቺ ስም ከላይ ይወጣልሻል፤ ማውጣቱ በነፃ ነው፤ ሰውየው በጣቱ ሲነካው ብቻ ነው ከተቀማጭሽ ላይ ቁርጥ የሚለው። ነገሩ እንዲህ ሲነገር ደስ ይላል። ከመጨረሻ ደሞዟ የተረፈችውን አምስት መቶ ክዋቻ አስገባችና ሰኞ ዕለት «ምግብ» በሚለው ቃል ጀመረች። ሉሳካ ውስጥ «ምግብ» ብሎ የማይጽፍ ማን አለ? የተራበው፣ የሚማረው፣ የሰለቸው ሁሉ ነካት። አንድ ተማሪ የእንቁላል አጠባበስ ጠየቃት። አንድ ጎልማሳ ደውሎ «ምግቡን ተዪው፣ አብሳይዋ ስንት ናት?» አላት። እኩለ ቀን ሳይሆን ከገንዘቡ ከሲሶ በላይ ሄደ። ማታውን ቁጭ ብላ የጀማሪዎች ትምህርት ስትሰማ አደረችና ማክሰኞ ብልህ ሆና ተነሣች፤ ጠባብ ቃል መረጠች፣ ከሉሳካ ውጭ ያለውን ዘጋች፣ «አሠራር» ብሎ የሚጽፍ እንዳያያት አደረገች። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥቂት፣ ግን ትክክለኞቹ ሰዎች ሆኑ። ማክሰኞ ሰባት፣ ረቡዕ ዘጠኝ፣ ሐሙስ አሥራ አንድ።

ችግሩ፣ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። ሃያ ሰባቱም። አንድ እንኳ የደወለ የለም። በር አንኳኩቶ፣ ሲከፈትለት አይቶ፣ ሰላም ሳይል እንደሚመለስ እንግዳ። ንጎሳ ዋጋው ይሆናል ብላ ረቡዕ ማታ ከማብሰያ ዋጋዋ ላይ ሦስት መቶ ክዋቻ ቀነሰች። ሐሙስ የመጡትም አይተው ሄዱ። የቀራት ሁለት መቶ ነው፤ እሱን በሙሉ ለዓርብ አቆየችው፤ የወሩ መጨረሻ ነው፣ ደሞዝ የገባበት፣ ሰው ሠርጉን የሚያስብበት ቀን። ከራሷ ጋርም ተማማለች፤ ዛሬ አንድ ሰው ከደወለ ሻንጣው አልጋ ሥር ይቀራል፣ ካልደወለ እሑድ ይወጣል።

ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኳን ስታየው አራት ሰው ነክቷታል። ሁለት ጉርድ ቀሚስ አሽታ ስትመለስ አሥራ ሦስት። ሃያ ሁለት ሲሆን ማጠቢያውን ትታ ተነሣች። ይኸው መጡ! የደሞዝ ዓርብ እንዲህ ነው! አሁን አንዷ የሙሽራ እናት ደውላ «ዶሮን ጨምሮ ስንት?» ብትላት ምን ልትመልስ ነው? የገጠር ዶሮ በየሳምንቱ ዋጋው ይለወጣል፤ ተሳስቶ ዝቅ አድርጎ መናገር ኪሳራ፣ ከፍ አድርጎ መናገር ማባረር ነው። ጸጉሯን እንኳ ሳታስተካክል ስልኳን በእጇ ይዛ ወደ ገበያ ሮጠች። የጥቅምት ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል፤ የውኃ ቧንቧው ጋ የተሰለፉት ሴቶች፣ የኩንዳ እናት ለማለት፣ «ባና ኩንዳ፣ ማን ሞተ?» አሏት። «ማንም አልሞተም፣ ተወለደ!» ብላቸው አለፈች።

ዶሮ ሻጩ ከሽቦ ሳጥኖቹ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዋጋ ስትጠይቀው ቀና ብሎ አያት። «ትገዣለሽ ወይስ ለታሪክ ነው?»

«ለቅዳሜ ሦስት ብፈልግስ?»

«ሦስት ከፈለግሽ ለእኔም ሠርጉን ጠሪኝ» አለና ዋጋውን ነገራት። በልቧ እያሰላች ሳለች ስልኳ ነዘረ። ጥሪ መስሏት ወደ ጆሮዋ ልታስጠጋው ስትል ጽሑፍ ነበር። የዛሬው በጀትዎ አልቋል ይላል። ሃምሳ አንድ ሰው። ገና አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ሃምሳ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ መጥቶ፣ አይቷት፣ ሄዷል፤ ሁለት መቶውን ክዋቻ ውሃ በላው። ጥሪ የሚባለውን ገልብጣ ብታይ፣ ስልኩን ብታጠፋና ብታበራ፣ ምንም። ዶሮዎቹ ሳጥናቸው ውስጥ ይንጫጫሉ። ሃያ ሰባቱ ሲሄዱ ዋጋዬ ነው ብላ ነበር። ሃምሳ አንዱ ሲሄዱ ግን እኔ ነኝ አለች። ምግቤ ነው፣ ፊቴ ነው፣ ስሜ ነው፣ ሰው የማይፈልገው እኔን ነው። ሻጩ ፊቷን አይቶ ቀልዱን አቆመ። «በይ ሁለት ስትገዢ አሥር ክዋቻ እቀንስልሻለሁ» አላት በለሆሳስ። አመስግናው ወጣች።

ከገበያው አጥር ሥር ቆማ ሶልዌዚ ላለችው ጓደኛዋ ለሙሶንዳ ደወለች። «እሑድ እመጣለሁ» አለቻት። ሙሶንዳ እልል አለች። «ብርድ ልብስ ይዘሽ ነይ፣ የሚሰጡን ስስ ነው» አለቻት። ንጎሳ እሺ ብላ ዘጋችና ቤት ገብታ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ሳበችው። ብርድ ልብስ ያላቸው ሁለት ነው። አንዱን ስታነሣ ከሥሩ የኩንዳ አንድ እግር ካልሲ ወጣ፤ ካልሲውን ይዛ ብዙ ሰዓት ቁጭ አለች።

አክስቷ የገቡት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ኩንዳን ከትምህርት ቤት አምጥተዋል፣ ፊታቸው ወዝቷል፣ ሻሻቸው ወደ አንድ ጎን ዘምሟል። ገና በሩ ላይ ሆነው «ስንት አለ?» አሉ።

«ምኑ?»

«የተጫኑት ነዋ! ሃምሳ አንድ ካላለ ከእኛ ውስጥ ያጭበረበረች አለች ማለት ነው።»

ንጎሳ ብርድ ልብሱን እንደያዘች ቀስ ብላ ዞረች። አክስቷ ወንበር ስበው ተቀመጡና ተረኩላት። ከጸሎቱ በፊት ተነሥተው ለሴቶቹ ተናግረዋል። የወንድሜ ልጅ በስልክ ሥራ ጀምራለች፣ ሰው ካልነካላት ልትሄድብኝ ነው ብለዋል። ወረቀቷን ከጡታቸው ሥር አውጥተው መድረኩ ላይ ለጥፈዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደለም? እጃችንን እናሳርፍባት አልኳቸው። እያንዳንዷ በገዛ ስልኳ፣ አንድ አንድ ጊዜ፣ በቅደም ተከተል! ዳታ ላልነበራቸው የቄሱ ሚስት ከራሷ ሰጠቻቸው። ባና ቺቴምቦ መነጽሯን ረስታ የሌላ ሰው ልትጫን ስትል እጇን ቀልቤ ያዝኩላት። አንዷ ሁለት ጊዜ ልጫን ብትል አይሆንም፣ በእግዚአብሔር ቤት ማታለል የለም አልኳት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ከዚያ ዘመርን።»

ንጎሳ አፏን ከፈተች። ሃምሳ አንድ ሴት ከኪሴ ወደ አራት አራት ክዋቻ አወጣች ልትል ነበር። እየዘመራችሁ አወጣችሁት፣ በቅደም ተከተል አወጣችሁት፣ የቀረችኝን አወጣችሁት። ግን አክስቷ ጫማቸውን እያወለቁ ነው፤ እግራቸው አብጦ የጫማው ጠርዝ ቆዳቸው ላይ ታትሟል። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አርባ ደቂቃ ነው፣ ለሚኒባስ የሚሰጡትን ዛሬ ለምጽዋት ሰጥተዋል። ይህንን ሆድ ይፍጀው እንጂ ምላስ አይነካውም።

«ደርሶኛል፣ ማዮሰንጌ» አለች። «የሁላችሁም ደርሶኛል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉና እግራቸውን ሲያሹ ዓይናቸው በተከፈተው በር አልፎ ወለሉ ላይ አረፈ። «ታዲያ ያ ሻንጣ ምን ይሠራል እዚያ?»

«ልብሱን አየር ላስነካው ብዬ ነው።»

ኩንዳ ከአንዷ ወደ አንዷ አየች። ውጪ የጎረቤት ሬዲዮ ስለ ዝናብ ያወራል፤ የሚዘንበው መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። ከዚያ በኋላ ንሺማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ከደረቅ ካፔንታ ዓሣ ጋር በሉ፣ ንጎሳ ዕቃውን አጠበች፣ አክስቷ የታጠበውን ደግመው ወለወሉት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ባና ቾምባ መጡ። ባና ቾምባ በማቴሮ ሙሽሮችን የሚመክሩና የሚያሠለጥኑ ሴት ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ልጃገረዶች ከእናታቸው ይልቅ እሳቸውን ሲፈሩ ኖረዋል፤ ባሎችም ይፈሯቸዋል ይባላል። ጃንጥላቸውን በቀኝ ክንዳቸው አንጠልጥለው፣ በግራ ብብታቸው ደግሞ እግሯ የታሰረ ቀይ የገጠር ዶሮ ሸጉጠው ነበር። ውሃ ሲቀርብላቸው በእጃቸው መለሱት። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ዶሮዋን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ባና ኩንዳ» አሉ፤ «እኔም ዛሬ ተጭኛለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ባና ቾምባ።»

«አታመስግኚኝ። ሌሎቹ ተጭነው ስልካቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። እኔ የተጫንኩትን ሳላይ የምተው ሴት አይደለሁም። ሲከፈት ዶሮ አየሁ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆጠርኳት። አንገቷ አለ። ክንፏ፣ እግሯ፣ ጀርባዋ፣ ጉበቷ አለ።» ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ አንዴ ኳ አደረጉት። «ጨጓራዋ የታለች?»

ንጎሳ ስልኳን አወጣች። ሥዕሉን መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ ነጩ ሳህን፣ ወርቅ የመሰለው መረቅ፣ በዘይት የሚያብለጨልጨው ቆዳ። እንደ አብሳይ ነበር የምታየው። አሁን እንደ ሙሽራ እናት አየችው። ያቺ ጠጠር የምትፈጭ፣ ለባል ተብላ የምትቀመጥ፣ ከዶሮው ሁሉ የምትከበረው ጥቁር ጨጓራ የለችም።

«እህቶቼ ደስ ብሏቸው ይሆናል» አሉ ባና ቾምባ፣ «እኔ ግን አፈርኩ። ጨጓራ የሌላትን ዶሮ ለሙሽራው ወገን ብታቀርቢ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ። 'ልጃችንን ገና ሳይጀምር ሰረቁት' ብለው ክዳኑን ገጥመው ይመልሱልሻል። ሠርግ ሲፈርስ አይቻለሁ በዚህ። ታዲያ ልጇን የምትድር ሴት ይህን ሥዕል አይታ ስልክ የምትደውልልሽ ይመስልሻል?»

ሃያ ሰባቱ። በር አንኳኩተው የተመለሱት ሃያ ሰባት እንግዶች አንድ በአንድ በንጎሳ ፊት አለፉ። ዋጋው አልነበረም። ስሟም አልነበረም፣ ፊቷም አልነበረም። እያንዳንዷ ሳህኑን ቆጥራ ነው የሄደችው፤ የጎደለውን ያጎደለችው ደግሞ ራሷ ንጎሳ ናት። አክስቷ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። «ንጎሳ! የት ገባች?» አሉ።

ከበሩ ጥግ «እኔ በላኋት» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ሁሉም ወደ ኩንዳ ዞሩ። ልጅቷ ካልሲዋን ወደ ላይ እየሳበች ነበር። እውነቷን ነው። ሥዕሉ የተነሣ ዕለት፣ የወሩ ብቸኛ ዶሮ ዕለት፣ ልጅቷ ድስቱ አጠገብ ቆማ ያቺን ጨጓራ ስታያት፣ ንጎሳ ሥርዓቱ ጠፍቷት አልነበረም። ጨጓራ የአባወራ ናት። ግን ከቤቱ አባወራ ከጠፋ አምስት ዓመት አልፏል። «እዚህ ቤት አባወራዋ አንቺ ነሽ» ብላ በማንኪያ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ስታኝክ እየሳቀች የቀረውን በሳህን ደረደረችና ሥዕሉን አነሣች። በዚያ ሰዓት ስለ ሙሽራ እናቶች አላሰበችም። ስለ ልጇ ጥርስ ነበር የምታስበው።

«ሴት ልጅ፣ ጨጓራ!» አሉ ባና ቾምባ።

«ልጅ ናት» አሉ አክስቷ፤ ከተቀመጡበት ተነሥተዋል። «የሚያበላት አባት የላት፣ የሚያይላት የላት። ከመጣሽ ለሌላ ጉዳይ ነይ እንጂ በልጄ አትምጪ!»

ባና ቾምባ አክስቲቱን ከእግር እስከ ራስ አዩ፤ አልመለሱላቸውም። ዶሮዋን ከጭናቸው አንሥተው ለንጎሳ ዘረጉ። «በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ካብዋታ ሰፈር ሙሽራ አለችኝ። እናቷ ባንክ ትሠራለች፤ ገንዘብ መቁጠር እንጂ እንቁላል መጥበስ አታውቅም። የሚያበስል ፈልጊልኝ ካለችኝ ወር ሆኗት ነበር፤ ከዛሬ በፊት አንቺ ማብሰልሽን የነገረኝ ሰው የለም። አሁን ይህችን በዓይኔ ፊት ትበልቻታለሽ፤ ታበስያታለሽ፤ እቆጥራታለሁ።»

«እሑድ ሶልዌዚ ልሄድ…» አለች ንጎሳ፤ ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ።

«የሶልዌዚ አውቶቡስ በየቀኑ አለ። የእኔ ሙሽራ ያላት አንድ ቅዳሜ ነው።»

ንጎሳ ዶሮዋን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ያረደቻት ማንጎው ሥር ነው፤ በፈላ ውሃ ነክራ ነጨቻት፣ በሳር እሳት ለበለበቻት፣ ከዚያ ሰፌድ ላይ አጋድማ በየመገጣጠሚያዋ በለተቻት። ቢላዋው አጥንት አልነካም፤ እጇ የለመደውን መንገድ ያውቃል። ጨጓራዋን ሰንጥቃ ጠጠሩን አራገፈች፣ ቢጫውን ሽፋን በአንድ ትንፋሽ ገፈፈችው። ባና ቾምባ ወንበራቸውን አውጥተው ከአጠገቧ ተቀመጡና ይመለከታሉ። አክስቷ ጨው ሊያመጡ ወደ ቤት ሲገቡ ባና ቾምባ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለእያንዳንዱ ጣት ከፍለሻል አይደል? ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ለሱቁ ሞክሮ ነበር።»

ንጎሳ ቢላዋውን ሳታቆም አንገቷን ነቀነቀች። «ወደ አራት አራት ክዋቻ።»

«ገንዘቡ አለቀብሽ?»

«አልቋል።»

«ቺሌሼ ታውቃለች?»

«አያውቁም።»

ባና ቾምባ ጥቂት አሰቡ። «እንዳታውቅ» አሉና ቀና ብለው ተቀመጡ፤ አክስቷ ጨው በመዳፋቸው ይዘው እየመጡ ነበር።

ዶሮዋ በከሰል ላይ፣ በቲማቲምና በሽንኩርት ብቻ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ለስልክ ሥዕል በምትመችበት ጊዜ፣ ንጎሳ በነጩ ሳህን ደረደረቻት፤ ጨጓራዋን ከሁሉ በላይ፣ መሃል ላይ አስቀመጠቻት። ባና ቾምባ በጃንጥላቸው ጫፍ እየጠቆሙ ቆጠሩ። ሁለቴ ቆጠሩ። «ሙሉ ናት» አሉ። ይህቺን ቃል አርባ ዓመት ውስጥ ለስንት ሴት እንዳሏት ማቴሮ ያውቃል፤ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ንጎሳ ሥዕሉን አንሥታ በአሮጌው ቦታ ተካችው፤ ለማስታወቂያው የምትከፍለው ሳንቲም የላትም፣ ይሁን፤ ከካብዋታ በኋላ ይኖራታል። ለሙሶንዳም ጻፈች። «አልመጣም። ይቅርታሽን።» ሌላ የምትጨምረው አሰበችና ምንም አልጨመረችም።

አክስቷ ወደ ውስጥ ገብተው ምግቡን የሚያስቀምጡበት ቦታ ሲያዘጋጁ፣ ሻንጣውን በሁለት እጅ አላነሡትም። ባበጠ እግራቸው ገፍተው አልጋ ሥር ከተቱት። ከዚያ እጃቸውን እያራገፉ ወጡና «አያችሁ?» አሉ፣ «ከሃምሳ አንድ አንዱ ያዘ! ማን ነበር ስልክ ለወጣት ነው ያለው? በሚቀጥለው ዓርብ የወንዶቹንም ማኅበር እጨምርና መቶ እናደርሰዋለን!»

«አይሆንም!» አሉ ንጎሳና ባና ቾምባ በአንድ ድምፅ።

አክስቷ ግራ ገብቷቸው ከአንዷ ወደ ሌላዋ አዩ። «ምነው?»

«እጅ ሲበዛ» አሉ ባና ቾምባ፣ ሳል እንደያዘው ሰው አፋቸውን እየሸፈኑ፣ «እጅ ሲበዛ በረከቱ ይሳሳል፣ ቺሌሼ። ከእንግዲህ መጫኑ ይበቃል። ሴቶቹ ሠርግ ሲሰሙ ለባና ኩንዳ ይንገሯት፣ አለቀ።» ንጎሳ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ራሷም አላወቀችው።

ለእንግዳዋ ጭኑን አወጡላቸው፤ ለአክስቲቱ ጀርባውን። ጨጓራዋ ብቻዋን ሳህኑ መሃል ቀረች። ወንድ በቤቱ የለም። ማንም እጁን አልሰደደም። ኩንዳ በሩ ጥግ ቆማ ወደ ሳህኑ አትመለከትም፤ ከሳህኑ በቀር ሁሉን ነገር ትመለከታለች፤ ጣሪያውን፣ ጃንጥላውን፣ የራሷን ጫማ። ንጎሳ ማንኪያዋን አነሣች፤ ከጨጓራዋ በላይ አየር ላይ ያዘችውና ባና ቾምባን አየቻቸው። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ጨጓራ በሴት አፍ አይገባም ብለው ያስተማሩ ሴት ናቸው።

ባና ቾምባ ማንኪያውን አዩ። ልጅቷን አዩ። ከዚያ ሳህናቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ፕላስቲክ ወንበራቸውን አንሥተው ጀርባቸውን ለክፍሉ፣ ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ።

«ይህ ግድግዳ ቀለም ይፈልጋል» አሉ።

«ይፈልጋል» አሉ አክስቷ።

ኩንዳ አኝካ እስክትጨርስ ድረስ ሁለቱ አሮጊቶች ስለ ቀለም ዋጋ ተነጋገሩ።